ካናዳ ሞግዚት ትፈልጋለች፤ የበሩ ቁልፍ ግን በሁለት እጅ ነው

«ካናዳ ሞግዚት ትፈልጋለች። ገና ስትገቡ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጣችኋል። ባልና ልጅ ይዞ መግባት ይቻላል። ቦታው ሳይሞላ ፍጠኑ።» እንዲህ ያለ መልእክት በዋትስአፕ ወይም በቲክቶክ ደርሷችሁ ከሆነ ብቻችሁን አይደላችሁም። ብዙውን ጊዜ ከመልእክቱ ሥር የስልክ ቁጥር አለ፤ ስልኩን ሲደውሉ ደግሞ «ለፕሮሰስ» የሚባል ክፍያ ይመጣል።

መልእክቱን አደገኛ የሚያደርገው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ካናዳ በማርች 2025 እንዲህ ያለ መርሐ ግብር በእርግጥ ከፍታ ነበር። ነገር ግን የተከፈተው ካናዳ ውስጥ እየሠሩ ለነበሩ ሰዎች ብቻ ነው። ከካናዳ ውጭ ሆነው ለሚያመልክቱ የታሰበው መስመር አልተከፈተም። ይባስ ብሎ በዲሴምበር 2025 የካናዳ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት መርሐ ግብሩ እንደታቀደው በማርች 2026 ዳግም እንደማይከፈት አስታወቀ።

ለምን ተዘጋ? ማንስ ዘጋው? መቼ ሊከፈት ይችላል? ይህን ለመረዳት በአሁኑ ወቅት በካናዳ ፖለቲካ ውስጥ የሚካሄደውን ክርክር ማወቅ ያስፈልጋል። ክርክሩ ከእኛ የራቀ ይመስላል። ሆኖም ሪያድ፣ ዱባይ ወይም ኩዌት ሆና «ከዚህ በኋላ ወዴት?» ብላ የምታስብ እህት ያጠራቀመችውን ገንዘብ ለማን እንደምትሰጥና ለማን እንደማትሰጥ የሚወስነው ይኸው ክርክር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት መንግሥት፣ አንዲት ሠራተኛ

ካናዳ 10 ግዛቶችና 3 ቴሪቶሪዎች ያሏት ፌደራላዊ አገር ናት። ዋና ከተማዋ ኦታዋ ሲሆን፣ የፌደራሉ ፓርላማና ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚቀመጡት እዚያ ነው። እያንዳንዱ ግዛት ደግሞ የራሱ ምክር ቤትና «ፕሪሚየር» የሚባል መሪ አለው፤ በእኛ አገር አነጋገር የክልል ፕሬዚዳንት እንደማለት ነው።

በ1867 የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 95 ኢሚግሬሽንን የሁለቱም የጋራ ሥልጣን ያደርገዋል። የግዛቱ ሕግ ከፌደራሉ ጋር ከተጋጨ ግን የሚጸናው የፌደራሉ ነው። በተግባር ሲታይ ቪዛውን፣ የሥራ ፈቃዱንና ቋሚ የመኖሪያ ፈቃዱን የምትሰጠው ኦታዋ ናት። ሠራተኛዋ አውሮፕላን ጣቢያውን አልፋ አንድ ቤት ውስጥ ሥራ ከጀመረች በኋላ ግን ዝቅተኛ ደመወዟን፣ የሥራ ሰዓቷን፣ የእረፍት ቀኗን፣ የሕክምና ካርዷንና የልጆቿን ትምህርት ቤት የሚመለከተው ሕግ የግዛቱ ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በ2025 መጨረሻ በኦንታሪዮ ዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት 17.60 የካናዳ ዶላር ነበር። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ 17.85፣ በኬቤክ 16.10፣ በአልበርታ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ሳይነካ የቆየው 15 ዶላር ነው። አልበርታ ውስጥ አሠሪዋ ቤት እያደረች የምትሠራ ሴት ደግሞ የሚታሰብላት በሰዓት ሳይሆን በወር ነው፤ ዝቅተኛው 2,848 ዶላር። በኬቤክ እስከ 2021 የወጣው ሕግ ድረስ አብዛኞቹ የቤት ሠራተኞች በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ከሚከፈለው አስገዳጅ ዋስትና ውጭ ነበሩ።

ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱን ወስዶ በድርሃም ወይም በሪያል ማባዛት ልብ ያሞቃል። የኦንታሪዮው የአንድ ሰዓት ክፍያ ከ45 ድርሃም ይበልጣል። ነገር ግን እዚህ ባሕረ ሰላጤው ላይ ማደሪያውና ምግቡ አብዛኛውን ጊዜ በአሠሪ ነው፤ እዚያ ራሷን ችላ የምትኖር ሴት የቤት ኪራይ፣ ግብር፣ ምግብና የክረምት ልብስ ከዚያው ደመወዝ ላይ ትከፍላለች። ቶሮንቶና ቫንኩቨር ደግሞ በካናዳ ኪራይ ከሚወደድባቸው ከተሞች ዋነኞቹ ናቸው። ለክርክሩ መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱም ይኸው የቤት ኪራይ ጉዳይ ነው።

ነፋሱ እንዴት ተለወጠ?

ለብዙ ዓመታት በካናዳ ትልልቆቹ ፓርቲዎች ሁሉ ስደተኛ መቀበል ለአገሪቱ እንደሚጠቅም ይስማሙ ነበር። ከኮቪድ በኋላ መንግሥት በሩን ይበልጥ ከፈተ። በ2023 ብቻ የሕዝቡ ቁጥር በ1.27 ሚሊዮን ገደማ ጨመረ፤ ይህም የ3.2 በመቶ ዕድገት ነው። ከጨመረው ሕዝብ 98 በመቶ የሚጠጋው ከውጭ የመጣ ሲሆን፣ አብዛኛው ተማሪና ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበር።

ቤት ግን በዚያ ፍጥነት አልተሠራም። ኪራይ ናረ፣ የቤተሰብ ሐኪም ማግኘት ከበደ፣ ሕዝቡም አጉረመረመ። በኦክቶበር 2024 በወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጀስቲን ትሩዶ መንግሥታቸው ሚዛኑን እንዳልጠበቀ ተናግረው ዕቅዱን ቀነሱ። ለ2025 ታስቦ የነበረው 500 ሺህ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ወደ 395 ሺህ ወረደ።

ትሩዶ በጃንዋሪ 2025 ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። በእግራቸው የተተኩት የቀድሞው የካናዳና የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንኮች ገዥ ማርክ ካርኒ በኤፕሪል 28 ቀን 2025 በተደረገው ምርጫ ከ343 የፓርላማ ወንበሮች 169 አግኝተው አሸነፉ። ይህም ብቻቸውን ሕግ ለማጽደቅ ከሚያስፈልጋቸው በጥቂት ያነሰ ነበር።

የካርኒ መንግሥት በኖቬምበር 2025 ከበጀቱ ጋር ያቀረበው የኢሚግሬሽን ዕቅድ ከትሩዶው ይልቅ ጠበቅ ያለ ነው። ከ2026 እስከ 2028 በየዓመቱ 380 ሺህ ቋሚ ነዋሪ ለመቀበል ያስባል። ትልቁ ቅነሳ ያረፈው በጊዜያዊ ሠራተኞችና በተማሪዎች ላይ ነው፤ ለ2025 ከ670 ሺህ በላይ የነበረው የአዲስ ገቢዎች ዕቅድ ለ2026 ወደ 385 ሺህ ተቆርጧል። ግቡ ከሕዝቡ ከ7 በመቶ በላይ ደርሶ የነበረውን የጊዜያዊ ነዋሪ ድርሻ በ2027 መጨረሻ ከ5 በመቶ በታች ማድረግ ነው።

በዚሁ ዕቅድ ውስጥ አንድ ነገር ልብ በሉ። መንግሥት በ2026ና በ2027 እስከ 33 ሺህ የሚደርሱ የሥራ ፈቃድ ያላቸውን ሰዎች ወደ ቋሚ ነዋሪነት በፍጥነት ለማሸጋገር አስቧል። አቅጣጫው ግልጽ ነው፤ «አስቀድመን ውስጥ ያሉትን እናስተካክል፤ አዲስ የሚገባውን እንቀንስ» የሚል ነው። የሞግዚቶቹ መርሐ ግብር ካናዳ ውስጥ ላሉት ብቻ ተከፍቶ ውጭ ላለነው ዝግ የሆነውም ከዚሁ አስተሳሰብ ጋር የሚሄድ ነው።

«ይሰረዝ» እና «ይስተካከል»

በሴፕቴምበር 2025 የተቃዋሚው የወግ አጥባቂ ፓርቲ መሪ ፒየር ፖሊየቭ የጊዜያዊ የውጭ ሠራተኞች መርሐ ግብር ጨርሶ ይሰረዝ ሲሉ ጠየቁ። ለእርሻ ሥራ ብቻ ለብቻው የሆነ አሠራር ይኑር ባይ ናቸው። ዋናው መከራከሪያቸው የካናዳ ወጣቶች ሥራ ማጣታቸው ነው። በእርግጥም በጁላይ 2025 የወጣቶች የሥራ አጥነት መጠን 14.6 በመቶ ደርሶ ነበር።

ካርኒ መርሐ ግብሩ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን ሥራ ለጎደላቸው ዘርፎችና አካባቢዎች ብቻ ተለይቶ መዋል አለበት ሲሉ መለሱ። በማግስቱ ከሌላ ፓርቲ የሆኑት የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ፕሪሚየር ዴቪድ ኢቢም መርሐ ግብሩ ወይ ይሰረዝ ወይ ከሥሩ ይሻሻል አሉ። ኢቢ የግራ ዘመሙ የአዲስ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ ሰው ናቸው። ስለዚህ ክርክሩን «ቀኞቹ ይጠሉናል፣ ግራዎቹ ይወዱናል» ብሎ ማየት አያዋጣም። ሁለቱም ወገን «ቀንሱ» እያለ ነው፤ ምክንያታቸው ግን ይለያያል። አንዱ ወገን የአገሬው ሠራተኛ ደመወዝ ይወርዳል ይላል። ሌላው ወገን አሠሪዎች መሄጃ የሌለውን የውጭ ሠራተኛ ይበዘብዛሉ ይላል።

የሠራተኛ መብት ተሟጋቾች ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ መልስ አላቸው። ችግሩ ሰዎቹ መምጣታቸው ሳይሆን ፈቃዳቸው ከአንድ አሠሪ ጋር መታሰሩ ነው፤ ገና ሲገቡ ቋሚ ፈቃድ ስጧቸው፤ ያኔ ደመወዝም አይወርድም፣ ብዝበዛም ይቀንሳል ባዮች ናቸው።

ግዛቶቹ ምን ይፈልጋሉ?

የግዛቶቹ ጥያቄ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዳንዱ «ቀንሱልን» ሲል ሌላው «ምርጫውን ለእኛ ተዉልን» ይላል።

ኬቤክ ከሁሉም የተለየች ናት። ሕዝቧ በአብዛኛው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሲሆን፣ በ1991 ከኦታዋ ጋር በተፈራረመችው ስምምነት መሠረት ለሥራ የሚመጡ ቋሚ ነዋሪዎችን የምትመርጠው ራሷ ናት። በኖቬምበር 2025 የኬቤክ መንግሥት በዓመት የሚቀበለውን ቋሚ ነዋሪ ወደ 45 ሺህ ዝቅ እንደሚያደርግ አስታውቋል። የፈረንሳይኛ መዳከም እዚያ ትልቅ የፖለቲካ ጉዳይ ነው። ለመገንጠል ሦስተኛ ሕዝበ ውሳኔ እንደሚጠራ ቃል የገባው ፓርቲ ኬቤኳ ደግሞ ይህንኑ ስሜት ይዞ ለ2026ቱ የግዛት ምርጫ ተሰናድቷል። ለእኛ ተግባራዊው ቁም ነገር ይህ ነው፦ የ2025ቱ የሞግዚቶችና የቤት ውስጥ ተንከባካቢዎች መርሐ ግብር ኬቤክን አይጨምርም ነበር። «ሞንትሪያል ቤተሰብ አግኝቼልሻለሁ፤ በዚያ መርሐ ግብር ትገቢያለሽ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ንግግሩ ከመነሻው ስህተት ነው።

አልበርታ በምዕራብ ያለች የነዳጅ ግዛት ናት። ፕሪሚየሯ ዳኒየል ስሚዝ በ2025 በራሳቸው የሚመራ «አልበርታ ኔክስት» የተባለ ኮሚቴ አቋቁመው ከተማ ለከተማ ሕዝብ አወያይተዋል። ለውይይት ከቀረቡት ስድስት ርዕሶች አንዱ ኢሚግሬሽን ነበር። ግዛቱ ያላጸደቀው ዓይነት ፈቃድ የያዘ ሰው የግዛቱን ማኅበራዊ ድጋፍ ይከልከል ወይ የሚል ጥያቄም ተነሥቷል። ኤድመንተንና ካልጋሪ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ከተሞች በመሆናቸው ይህ ጥያቄ የእኛንም ሰው ቤት ያንኳኳል።

ኦንታሪዮ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አንሥታለች። በጁላይ 2025 የግዛት መሪዎቹ በኦንታሪዮ ሃንትስቪል ከተማ ተሰብስበው ነበር። ፕሪሚየር ዳግ ፎርድ በዚያን ሰሞን አንቀጽ 95ን ጠቅሰው ጥገኝነት ጠይቀው ያለ ሥራ ለሚቀመጡ ሰዎች ግዛቱ ራሱ የሥራ ፈቃድ መስጠት አለበት አሉ። በኋላ ጉዳዩን ለፌደራሉ መንግሥት መተውን መረጡ። ቢሆንም በ1867 የተጻፈ አንቀጽ ዛሬም ከሥራ ፈቃድ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ አሳይቷል።

ሌላው የጋራ ቅሬታቸው ኮታ ነው። እያንዳንዱ ግዛት ለኢኮኖሚው የሚያስፈልገውን ሰው መርጦ ለኦታዋ የሚያቀርብበት አሠራር አለ። ኦታዋ የዚህን አሠራር ኮታ በ2024 ከነበረው 110 ሺህ በ2025 ወደ 55 ሺህ በግማሽ ቀነሰችው። ግዛቶቹ ጮኹ፤ ለ2026 ወደ 91,500 ከፍ ተደረገ። በአንድ ዓመት ውስጥ በር ሲዘጋና ገርበብ ሲል ማለት ይህ ነው። ዛሬ የሰማችሁት መረጃ ከስድስት ወር በኋላ ላይሠራ የሚችለውም ለዚህ ነው።

ከ1955 ጀምሮ የዘለቀ ጥያቄ

የቤት ሠራተኛና የካናዳ ፖለቲካ አሁን የተገናኙ አይደሉም። በ1955 ካናዳ ከጃማይካና ከባርቤዶስ ሴቶችን ለቤት ሥራ መቀበል ጀመረች። ያላገቡ፣ ልጅ የሌላቸው፣ ከ18 እስከ 35 ዓመት የሆኑ እንዲሆኑ ይጠየቅ ነበር። መስፈርቱ ጥብቅ ቢሆንም ሴቶቹ የሚገቡት በቋሚ ነዋሪነት ነበር። አንድ ዓመት ካገለገሉ በኋላ የፈለጉትን ሥራ መያዝ ይችሉ ነበር።

በ1973 ነገሩ ተለወጠ። ለቤት ሠራተኞች ከአሠሪ ጋር የታሰረ ጊዜያዊ ፈቃድ መሰጠት ተጀመረ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሰባት የጃማይካ እናቶች ሲገቡ ልጆች እንዳሏቸው አላሳወቁም ተብለው ከአገር እንዲወጡ ታዘዘ። ሴቶቹ ጉዳያቸውን ወደ ፍርድ ቤትና ወደ አደባባይ አወጡት፤ በመጨረሻም የመኖር መብት አገኙ። በዚያ ትግል ውስጥ የተነሣው መፈክር ወደ አማርኛ ሲመለስ «ለሥራ ከበቃን ለመኖርም እንበቃለን» የሚል ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የመክፈትና የመዝጋት ታሪክ ነው። በ1981 ለሁለት ዓመት አሠሪ ቤት እያደሩ የሠሩ ሴቶች ካናዳ ሆነው ቋሚ ፈቃድ እንዲጠይቁ ተፈቀደ። በ1992 መርሐ ግብሩ ስሙና መስፈርቱ ተቀየረ፤ አሠሪ ቤት የማደር ግዴታው ግን ቀጠለ። በዚህ መንገድ ከገቡት አብዛኞቹ ፊሊፒናውያን ናቸው። በኖቬምበር 2014 የማደር ግዴታው ተነሣ። በ2019 ሁለት የሙከራ መርሐ ግብሮች ተጀምረው በጁን 2024 አበቁ። በዚያው ወር የወቅቱ የኢሚግሬሽን ሚኒስትር ማርክ ሚለር አዲሶቹ መርሐ ግብሮች ለሚመጡት ሠራተኞች ገና ሲገቡ ቋሚ ፈቃድ እንደሚሰጡ አስታወቁ። ከ1973 በኋላ እንዲህ ያለ ቃል ሲሰማ ትልቅ ነገር ነበር፤ ዛሬ በቲክቶክ የሚዞረው መልእክትም የተቀዳው ከዚህ ነው።

መርሐ ግብሩ በማርች 31 ቀን 2025 ተከፈተ፤ ኮታውም ብዙም ሳይቆይ ሞላ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከላይ አይተናል።

የታሰረ ፈቃድ እና ከፋላ

በ2023 በዘመናዊ ባርነት ጉዳይ የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ራፖርተር የነበሩት ቶሞያ ኦቦካታ ካናዳን ጎብኝተው፣ ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረው የሥራ ፈቃድ ለዘመናዊ ባርነት መራቢያ እንደሚሆን ተናገሩ። በካናዳ ፓርላማና ጋዜጦች ዘንድ ብዙ አነጋገረ።

ኢቃማዋ በከፊሏ ስም የተያዘ ሴት ነገሩን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋትም። አሠሪውን ከለቀቅሽ ፈቃድሽ ይበላሻል፤ ፈቃድሽ ከተበላሸ ደግሞ አቤት ለማለት ትፈሪያለሽ። ስለዚህ «ካናዳ ከሆነ ከፋላ የለም» ብሎ መናገር ሙሉ እውነት አይሆንም።

ልዩነቱንም ግን መናገር ተገቢ ነው። በካናዳ ከአገር ለመውጣት የአሠሪ ፈቃድ አያስፈልግም። ከ2019 ጀምሮ በአሠሪዋ የምትበደል ሴት ማስረጃ አቅርባ ለማንኛውም አሠሪ መሥራት የሚያስችል ፈቃድ መጠየቅ ትችላለች። ግዛቶቹም በበኩላቸው ሕግ አውጥተዋል። ማኒቶባ በ2008፣ ኦንታሪዮ በ2009፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2018 ባወጧቸው ሕጎች ከውጭ ከምትመጣ ሠራተኛ ላይ የምልመላ ክፍያ መቀበል ተከልክሏል። በኦንታሪዮ የሠራተኛን ፓስፖርት የሚይዝ ግለሰብ ከ2023 ጀምሮ እስከ 500 ሺህ ዶላር ሊቀጣ ወይም እስከ 12 ወር ሊታሰር ይችላል። ሕግ መኖሩና ሠራተኛዋ በሕጉ መጠቀሟ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ፈቃዷ የታሰረባት ሴት የመክሰስ ድፍረት እንደማይኖራት ተሟጋቾቹ የሚናገሩትም ለዚህ ነው። ካናዳ የቤት ሠራተኞችን መብት የሚመለከተውን የ2011ዱን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189ም አላጸደቀችም።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቃል

ኑሮዬ ዓረብኛን ወደ አማርኛ፣ አማርኛን ወደ ዓረብኛ መመለስ ነው። በእጄ ካለፉት የሥራ ውሎችና የምስክር ወረቀቶች አብዛኞቹ ሠራተኛዋን የሚጠሯት «ዓሚላ መንዚሊያ» በሚል ቃል ነው፤ የቤት ሠራተኛ ማለት ነው። ሕፃን ተቀብላ ያሳደገችውም፣ አልጋ ላይ የዋሉ ሽማግሌ ያገላበጠችውም፣ ወለል ስትወለውል የኖረችውም በዚያው አንድ ቃል ይጠራሉ።

ለካናዳ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። የ2025ቱ መርሐ ግብር የሚቆጥረው ሕፃናትን ወይም አረጋውያንንና ሕሙማንን በቤት ውስጥ የመንከባከብ ልምድን ነው። የቤት ጽዳትና የቤት አያያዝ ሥራ እንደ ልምድ አይቆጠርም ነበር። ሌሎቹ መስፈርቶች ቢያንስ ስድስት ወር ልምድ ወይም የስድስት ወር ሥልጠና፣ ተገምግሞ ከካናዳ ሁለተኛ ደረጃ ጋር የተመዘነ የትምህርት ማስረጃ፣ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ የቋንቋ ፈተና ደረጃ 4፣ እና ከኬቤክ ውጭ ካለ አሠሪ የተሰጠ እውነተኛ የሥራ ጥያቄ ነበሩ። የቋንቋው ደረጃ በአይኤልትስ ሲታይ ለማዳመጥ 4.5፣ ለማንበብ 3.5፣ ለመጻፍና ለመናገር 4.0 ነው።

መርሐ ግብሩ ነገ ተመልሶ ቢከፈት መስፈርቱ ይኸው ይሁን አይሁን የሚወስነው የዚያን ጊዜው መንግሥት ነው። ካለፉት መርሐ ግብሮች አንጻር ግን ሦስቱ ነገሮች፣ ማለትም ልምድ፣ ትምህርትና ቋንቋ፣ በአንድ ወይም በሌላ መልክ ሳይጠየቁ አይቀሩም። ስለዚህ ከማዳም ጋር በሰላም የምትለያዩ ከሆነ አንድ ደብዳቤ ለምኑ። «ቤት ሠራተኛ ነበረች» ብቻ እንዳይል። ስንት ልጆች እንደያዛችሁ፣ ዕድሜያቸው ስንት እንደነበር፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራችሁ ይጻፍበት። ፊርማና ስልክ ይኑረው። ይህ ደብዳቤ ለካናዳ ባይሆን ለሌላ ቦታ፣ ለሌላም ባይሆን አገር ቤት ገብታችሁ ለምትጀምሩት ሥራ ይጠቅማል። አሥር ዓመት ልጅ ያሳደገች ሴት አሥር ዓመት ሙያ አላት፤ ወረቀቱም ይህንኑ ይናገር።

ገንዘብ ለሚጠይቃችሁ ሰው

ካናዳ ለማድረስ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ አራት ጥያቄ ጠይቁት።

አንደኛ፦ «በየትኛው መርሐ ግብር ነው የምታስገባኝ? ዛሬ ክፍት ነው?» ስሙን ካልነገራችሁ ወይም «እሱን ለእኔ ተዪው» ካላችሁ በዚያው ይብቃ። ስሙን ከነገራችሁ ደግሞ እንግሊዝኛ በሚችል ሰው በካናዳ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ አረጋግጡ። መረጃው እዚያ በነጻ ነው።

ሁለተኛ፦ «ፈቃድ አለህ?» በካናዳ ሕግ ገንዘብ ተቀብለው በኢሚግሬሽን ጉዳይ ማማከር የሚችሉት እንደ ጠበቆች፣ የኬቤክ ኖታሪዎችና ፈቃድ ያላቸው አማካሪዎች ያሉ በሕግ የተፈቀደላቸው ባለሙያዎች ብቻ ናቸው። የአማካሪዎቹ ስም በተቆጣጣሪ ኮሌጃቸው የሕዝብ መዝገብ ላይ ይገኛል። ስሙ መዝገቡ ላይ የሌለ ሰው፣ እዚህ ያለ መክተብም ቢሆን፣ «አማካሪ ነኝ» ስላለ ብቻ አማካሪ አይሆንም።

ሦስተኛ፦ «አሠሪዬ ማን ነው? የት ግዛት?» የሚቀጥራችሁን ቤተሰብ በቪዲዮ ሳታነጋግሩ፣ ግዛቱንና የሰዓት ደመወዙን በጽሑፍ ሳታዩ ምንም አትክፈሉ። ግዛቱን ካወቃችሁ የደመወዙን ልክ ማረጋገጥ ቀላል ነው፤ ከግዛቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ያነሰ ከጻፈ ሕገ ወጥ ነው።

አራተኛ፦ «ይህ ክፍያ የምንድን ነው?» ለቋንቋ ፈተና፣ ለትምህርት ግምገማ ወይም ለማመልከቻ የሚከፈል ገንዘብ አለ፤ እሱ በስማችሁ ለተቋሙ ተከፍሎ ደረሰኝ ይመጣለታል። «ሥራ ላገኘሁልሽ» ተብሎ የሚጠየቅ ገንዘብ ግን ከላይ በጠቀስናቸው ግዛቶች የተከለከለ ነው።

ከዚህ በኋላ ምን እንጠብቅ?

በሩ መቼ እንደሚከፈት ከሚጠቁሙ ነገሮች የመጀመሪያው በየዓመቱ መጸው ላይ ለፓርላማ የሚቀርበው የኢሚግሬሽን ዕቅድ ነው። ሁለተኛው የኬቤክ ምርጫና የአልበርታ ክርክር የሚያመጡት ውጤት ነው፤ ግዛቶች ብዙ ሥልጣን ከወሰዱ መስፈርቱ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ሦስተኛው ጊዜያዊ ነዋሪዎችን ከ5 በመቶ በታች የማውረዱ ግብ ነው፤ እሱ እስካልተደረሰ ድረስ ከውጭ ለሚመጣ ሰው በሩ ሰፊ ይሆናል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ይህ ማለት ግን ካናዳ ሞግዚትና ተንከባካቢ አያስፈልጋትም ማለት አይደለም። ሕዝቧ እያረጀ ነው፤ በ2021 የተጀመረው በቀን 10 ዶላር የሕፃናት ማቆያ ዕቅድም ለሁሉም ቤተሰብ አልደረሰም። ሰውየው ካናዳዊም ይሁን ኩዌታዊ፣ ጠዋት ለሥራ ሲወጣ ልጁን የሚተውለት ሰው ይሻል። የጃማይካ እናቶቹ ከ50 ዓመት ገደማ በፊት ያነሡት ጥያቄም ገና አልተዘጋም፤ ፓርቲዎቹና ግዛቶቹ ዛሬም የሚከራከሩበት ነው።

እስከዚያው ድረስ ገንዘባችሁ በእጃችሁ ይቆይ። ቋንቋውን አጥኑ፤ ያቋረጣችሁት ትምህርት ካለ ጨርሱ፤ የሥራ ደብዳቤያችሁን አስጽፉ። እነዚህ ሦስቱ ከእናንተ ጋር የሚቀሩ ናቸው፤ የካናዳ ዕቅድ ቢለወጥም አይወሰዱባችሁም።